ሁለት ቱቦ ምራቂ

ሰሞኑን የሰፈራችንን መንገድ ቆፍረው የውኃ ቱቦ እየቀየሩ ነው። ትናንት በራፌ ላይ ቆሜ ሳይ አንድ ጎረምሳ ከቁመቴ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ፣ በሌላው እጁ ስልክ ይዞ እያወራ መጣ። «ስንት ኪሎ ይሆናል ልጄ?» አልኩት። «ምንም አይል አባባ፣ ይሞክሩት» ብሎ አንዱን ጫፍ አቀበለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አይልም። እኔ ግን ጫፉን መልሼለት ገብቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች። ነገሩ የፀሐይ አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የተኛ ነገር አንዳንዴ እንዲህ ሳይጠሩት ይነሳል።

በእኛ ጊዜ ቱቦ ማለት ብረት ነበር። አንዱ ሁለት ኩንታል ይመዝናል፤ ለማንሳት ስድስት ጫኝ ይፈልጋል። መርካቶ፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ባለ መስተዋት ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ፣ የሐጂ ከድር የብረት ግቢ ነበር። አጥሩ ቆርቆሮ፣ መሬቱ ዘይት የጠገበ ጥቁር አፈር። ክረምት ክረምት ዝናቡ የተደረደረውን ቱቦ ሲመታ እያንዳንዱ እንደ ስፋቱ የየራሱን ዜማ ያሰማል። ከግቢው ፊት ለፊት የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ገበያ ለመጥራት ከጠዋት ጀምሮ የአንዲት ሴት ዘፋኝ ሸክላ ያስጮሃል፤ ሸክላው አንድ ቦታ ላይ ተጭሯልና ዘፋኟ «ና» የምትለዋን ቃል ሦስቴ ሳትደጋግም አታልፍም። ጫኞቹ ቱቦ የሚያነሱት ያችን «ና፣ ና፣ ና» ጠብቀው ነበር። ከሱቁ ቀጥሎ የእትዬ በለጡ ሻይ ቤት ነው። ብርጭቆ ሻይ በአስር ሳንቲም፤ ስሙኒ ያለው ከነዳቦው ጠግቦ ይወጣል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ የምጠይቀው ሰው የለም፤ እትዬ በለጡ የት ተቀበሩ ብል የሚነግረኝ ሊፍት አይኖርም።

እኔ የግቢው ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ከጎንደር ገጠር ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ከመግባቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ጠፍቼ የመጣሁ ነኝ። ግጥም ያስተማረኝ የለም፤ ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው የለቀምኩት፣ የተቀደደውን ስንኝ ከራሴ እየሞላሁ። ኮቴ ከሰልባጅ ተራ በሦስት ብር የተገዛ፣ ጫማዬ በረባሶ፣ ጆሮዬ ላይ ሁልጊዜ እርሳስ። በጭነት ወረቀት ጀርባ ስንኝ ስለምሞነጫጭር የጫኞቹ አለቃ ዘበርጋ «ደብተራ» ብሎ ሰየመኝና ስሜ እሱው ሆኖ ቀረ። ሾፌሮችም ከመኪናቸው ጀርባ የሚጻፍ አባባል ሲፈልጉ ወደ እኔ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጭነታችንን ለሚያጓጉዙት ለጋሼ ተሰማ የጻፍኩላቸውን አስታውሰዋለሁ፤

ጭነቴን ሚዛኑ አይቶ ይናገራል፣
የልቤን ክብደትስ ማን አይቶ ያውቀዋል።

ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን መርካቶ በሙሉ ቆሞ የሚያጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ተሰማ ከአባይ ማዶ የመጡ፣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የሚነዱ ሾፌር ነበሩ። ክርኑ የተላጠ የቆዳ ጃኬት ይለብሳሉ፤ ብርድ ሲመጣ ከላዩ ከሸማ ተራ የገዟትን ወፍራም ጋቢ ይደርባሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ጭነቱን ከሥር የሚሸከመውን የመኪናዋን ባሌስትራ ግን ድምፁን ሰምተው የቱ ቅጠል እንደሰነጠቀ ይናገራሉ። በመኪናዋ በር ላይ «የጭነት ልክ መቶ ኩንታል» ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ከከተማ መውጫው ላይ የመንግሥት ሚዛን አለ፤ ከልኩ በላይ ጭኖ የተገኘ ሾፌር ይቀጣል፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተገኘ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ጋሼ ተሰማ የእህል ነጋዴዎች ጆንያውን አሳንሰው እየነገሯቸው ሁለት ጊዜ ተቀጥተዋል። ከዚያ ወዲያ የመርካቶ መሳቂያ እስኪሆኑ ድረስ ሚዛን ፈሪ ሆኑ። ትርፍ ጎማቸውን ሳይቀር በእጃቸው ሳይመዝኑ አይጭኑም።

«ጋሼ ተሰማ፣ ዛሬ ጺምዎን ሳይላጩ ነው የመጡት፤ ሚዛኑ ያሳልፍዎታል?» ይላቸዋል ዘበርጋ።

«አንተ ሳቅ። እኔ ቁርሴን እንኳ ከሚዛኑ ወዲያ ነው የምበላው።»

እኔን ያምኑኝ ነበር። ጭነቱን በቱቦው ቁጥር አባዝቼ ስጽፍላቸው ሁልጊዜ አምስት ስድስት ኩንታል አጉድዬ ነው፤ እሳቸው ያችን ጉድለት «የደብተራ ትራፊ» ይሏታል። ከመነሳታቸው በፊት በካቢናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ትራፊዬ አለች?» ይሉኛል። «አለች ጋሼ» እላለሁ። በቃ፣ ሌላ ወረቀት አይጠይቁም፤ ቢጠይቁም አያነቡትም።

አሁን ስለ ምራቂ መናገር አለብኝ። ዛሬ ዋጋው በየዕቃው ላይ ተለጥፎ ስለሚሸጥ ልጆቼ ቃሏን እምብዛም አያውቋትም። በእኛ ጊዜ መርካቶ ገብቶ የገዛውን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው አልነበረም። በርበሬ ቢሆን ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ አንድ እፍኝ፣ ሚስማር ቢሆን ተመዝኖ ካበቃ በኋላ አንድ ጭብጥ ይጨመራል። «መርቅልኝ» ይላል ገዥ፤ ሻጭም ይመርቃል። ምርቃት የአፍ በረከት ነው፤ ምራቂ ደግሞ የእጅ በረከት። ምራቂ አይመዘንም፣ አይቆጠርም፣ ወረቀት ላይ አይገባም። የመረቁህን ዕቃ ፊታቸው ቆመህ ብትቆጥር ሰዉ ሁሉ ያሳደገህን ይጠይቃል።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነው። ከአባይ ማዶ ላለች አንዲት ከተማ የውኃ ቱቦ እንጭናለን። ከተማዋ የጋሼ ተሰማ አገር ናት፤ እናታቸው እዚያ በሕይወት አሉ፣ ውኃ የሚቀዳላቸው ከገደል ሥር ነው። ጋሼ ተሰማ ይህችን ጭነት ሌላ ሾፌር እንዳይወስዳት ሁለት ወር ለምነዋል። አርባ ሰባት ቱቦ ጫንን፤ ዘጠና አራት ኩንታል። ጠዋት ላይ ግን ሐጂ ያዘዟቸው አራት የመገጣጠሚያ ሣጥኖች መጡ፤ አምስት ኩንታል። ቱቦ ያለ መገጣጠሚያ ምን ይሠራል፤ ተጫኑ። እኔም «ዘጠና ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ትራፊዋ አለቀች ማለት ነው። ለጋሼ ተሰማ ሻይ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሻይ ላይ ግን አንድ ቤት ያልመታልኝ ስንኝ ይዞኝ፣ ብርጭቆዬ እስኪቀዘቅዝ ስታገለው ሳልነግራቸው ተነሳን።

ሐጂ ከድር ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ከሱቃቸው ወጡ። «ተሰማ፣ ይህ ውኃ እናትህ ደጅ ነው የሚደርሰው አሉኝ።»

«እግዜር ካለ፣ አዎ ሐጂ።»

«በሉ መርቁለት። ሁለት ቱቦ ጨምሩለት፤ ለእናቱ ከእኔ።»

ጋሼ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደስታም ፍርሃትም ፊታቸው ላይ አየሁ። «እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ፤ ግን መኪናዋ...»

«ምራቂ ይመለሳል እንዴ?» አሉ ሐጂ ቅር ብሏቸው።

ጫኞቹ ቆሙ። ጋሼ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ። «ደብተራ፣ እንዴት ነው? ትችለዋለች?»

መልሱን አውቀው ነበር። ዘጠና ዘጠኝና አራት ለመደመር እርሳስ አያስፈልግም። ግን ሐጂ ያዩኛል፣ ጫኞቹ ያዩኛል፣ የሻይ ቤቱ ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ምላሴ ላይ ደግሞ አንድ ቆንጆ ነገር መጣልኝ። «ጋሼ፣» አልኩ፣ «ምርቃት ምን ክብደት አለው?»

ሳቁ ከግቢው አልፎ እስከ ሰባተኛ ድረስ ተሰማ። ሐጂ በጃንጥላቸው ጫፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «በዚህ ልጅ አፍ ውስጥ ንብ ሰፍሯል» አለ ዘበርጋ። ጋሼ ተሰማም ሳቁ። «እንግዲያ ትራፊዬ አለች ማለት ነው» አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዘፋኟ «ና፣ ና፣ ና» ስትል ስድስቱ ጫኞች ጎንበስ አሉ።

ሣጥኖቹን አስረክቤ ፊርማ እንድቀበል ሐጂ አብሬ እንድሄድ አዘውኝ ስለነበር ካቢናው ውስጥ ነበርኩ። እንጦጦን በከባድ ማርሽ እየቃሰትን ስንወጣ ጋሼ ተሰማ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉ። ባሌስትራው የነገራቸው ነገር አለ። አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ ያ የመጀመሪያው ዝምታዬ ሳይሆን ሁለተኛው ነው። ሚዛኑ ጋ ስንደርስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ካፖርት የደረበው የሚዛኑ ኃላፊ ፊተኛውን ጎማ መዘነ፣ ኋለኛውን መዘነ፣ ደመረ፤ አላመነም መሰለኝ እንደገና ደመረ።

«ጭነቱ መቶ ሦስት ነው። ወረቀቱ ዘጠና ዘጠኝ ይላል።»

«ምራቂ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሼ ተሰማ።

«ምን?»

«ባለ ግቢው መርቀውን ነው። ሁለት ቱቦ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ከንፈሩ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ሚዛኑ እኮ መርካቶ አላደገም።» ከዚያ የጋሼ ተሰማን ፈቃድ ገልጦ ሁለቱን የቀድሞ ቅጣቶች ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «እንዲህ ነው ነገሩ። ከግቢ ሲወጣ የተጫነ ከሆነ ጥፋቱ ወረቀቱን አሳስቶ የጻፈው ሰው ነው። መንገድ ላይ የተጫነ ከሆነ የእርስዎ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ማነው?»

ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ፤ እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነው። ጋሼ ተሰማ አዩኝ። ለአፍታ ብቻ ነበር። እኔ ዝናቡ በአንዱ ቱቦ አፍ ገብቶ በሌላው አፍ ሲወጣ እያየሁ ነበር።

«እዚህ የለም» አሉ።

«እንግዲያ በሠላሳ ቀን ውስጥ ጸሐፊው ቢሯችን ቀርቦ ቃሉን ይስጥ፤ ጥፋቱ ከእርስዎ ይነሳል። ካልቀረበ ፈቃዱ ይሰረዛል። እስከዚያው እዚህ ይቆያል።»

ሁለቱ ቱቦዎች ወርደው መንገድ ዳር ሣር ላይ ተጋደሙ። ከመርካቶ ሌላ ሾፌር ተልኮ መጣ። እኔ ከጭነቱ ጋር መሄድ ነበረብኝና ካቢናው ውስጥ ተመልሼ ገባሁ። ስንነሳ በጎን መስተዋት አየኋቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቱቦዎቹ በአንደኛው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወደ መኪናቸው አላዩም። ከተማዋ ስንደርስ ሰዉ በእልልታ ተቀበለን። አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን ተደግፈው የሾፌሩን በር ጠብቀው ቆሙ። የወረደውን ሰው አይተው ወደ እኔ መጡና «ተሰማ የታለ ልጄ?» አሉኝ። «ደህና ናቸው እማማ፣ በሚቀጥለው ይመጣሉ» አልኩ። ግንባሬን ሳሙኝ።

ስለ ሠላሳዎቹ ቀናት ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። የሐሰት ወረቀት የጻፈ ሰው ይታሰራል ብለው አስፈራርተውኝ ነበር፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታሰር አንዱ ስድስት ወር ይላል፣ ሌላው ዓመት። ሰኞ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ሰኞ ጭነት ይበዛል። ዝናቡ ያባራ እላለሁ። በዚህ መሐል ስለ ጋሼ ተሰማ ረጅም ግጥም ጻፍኩ፤ ቱቦ ላይ ስለተቀመጠ ሾፌር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቱ። እትዬ በለጡ ሻይ ቤት ቆሜ ሳነበው ሁለት ሾፌሮች አለቀሱ። እትዬ በለጡም የሻዩን ዋጋ አልቀበልም አሉኝ። ቃሌን መስጠት ሲገባኝ ስንኝ ሰጠሁ፤ በዚያም ሳምንት ሙሉ ልቤ ቀለል ብሎኝ ሰነበተ። ግጥም እንዲህ እንደሚያታልል ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህም በሙሉ ልቤ አምኜው አላውቅም።

ዘመን ተለወጠ፤ ሴት ልጆች በየደጁ ጨፈሩ፣ አትክልት ተራ በእሸት በቆሎ ተሞላ። የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። ጉራጌዎቹ አገራቸው ሲገቡ መርካቶ ግማሹ ይዘጋል፤ ዘበርጋም አዲስ ካኪ ሱሪ ለብሶ፣ ለአባቱ የገዛውን ብርድ ልብስ ታቅፎ ሊሰናበተኝ መጣ።

«ደብተራ፣ ሄድክ ወይ?»

«ዛሬ እሄዳለሁ።»

«ሰውየው እኮ አትክልት ተራ ጎመን በጋሪ እየገፋ ነው።» ለወትሮው ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ ሳይቀልድ ብርድ ልብሱን ታቅፎ ሄደ።

ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ ነበር። ከፍልሰታ ማግስት እስከ መስቀል ድፍን አንድ ወር ነው፤ ነገ ይሞላል፣ ነገ ደግሞ በዓል ነው፣ ቢሮ የለም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ቀን ዛሬ ናት። እሳቸውን ይዤ ቢሮው ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ከአትክልት ተራ ጀርባ ወዳለችው ቤታቸው እየሮጥኩ ሄድኩ። ጠባብ የጭቃ ቤት ናት። ጋሼ ተሰማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጋሪ ገመድ ይቋጥራሉ። በግድግዳው ላይ በሚስማር የተጫሩ ቋሚ መስመሮች አየሁ።

«ጋሼ፣ ይነሱ፣ እንሂድ። ቃሌን ልስጥ።»

«ና ተቀመጥ» አሉ። «ስንት ቀን ሆነ ትላለህ?»

«ነገ ሠላሳ ይሞላል። ከፍልሰታ ማግስት እስከ መስቀል...»

«ጳጉሜንስ?»

ግድግዳውን ቀና ብዬ አየሁ፤ በነሐሴና በመስከረም መስመሮች መካከል፣ አምስት መስመሮች ለብቻቸው ቆመዋል። ጳጉሜን ማን ይቆጥራል? የቤት ኪራይ አይቆጥራትም፤ ሐጂም ወር ሲከፍሉን አይቆጥሯትም። ወር ማለት ወር ነው፤ ጳጉሜን የዓመቱ ምራቂ ናት። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቀን የቆጠሩት ግን እሳቸው ናቸው።

«መንግሥት ደመወዝ ሲከፍል ይረሳታል» አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ገመዱን ጠበቅ እያደረጉ። «ፈቃድ ሲነጥቅ ግን ያስታውሳታል። ካለፈ አራት ቀን ሆነው።»

«ለምን አላስጠሩኝም? ግቢው እኮ እዚህ ነው፤ አንድ ሰው ቢልኩብኝ...»

«ምስክር ይለመናል እንዴ? ደጅህ መጥቼ ብለምንህ ቃሉ የእኔ ይሆን ነበር፤ ያንተ አይሆንም።» ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። ተነሥተው ከአልጋው ራስጌ የታጠፈ ወረቀት አመጡ። «ትናንት ሄጄ ተቀበልኩ። ጎረቤት አንብቦልኝ ነገሬን እንዲያውቅ አልፈለግኩም። አንብብልኝ።»

አነበብኩ። «የጭነት ልኩ መቶ ኩንታል ሆኖ ሳለ ሦስት ኩንታል ትርፍ የተገኘ በመሆኑ፣ የጭነት ወረቀቱ ጸሐፊም በተሰጠው የሠላሳ ቀን ጊዜ ውስጥ ቀርቦ ቃሉን ስላልሰጠ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ሆኖ ተገኝቷል። መንጃ ፈቃዱ ተሰርዟል።»

«ስለ ጸሐፊው የሚለውን ድገማት።»

ደገምኳት።

«ጸሐፊ የሚለው ማንን ነው?»

የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ። ውጭ ለደመራው ችቦ የሚያስሩ ሰዎች ይሳሳቃሉ። «እኔን ነው ጋሼ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትራፊ እንደሌለም አውቅ ነበር።»

ጋሼ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በአራት አጠፉና ፈቃዳቸውን ያኖሩበት በነበረው የጃኬታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

«በል፣ ቃልህን ሰጠህ» አሉኝ፤ ወደ ገመዱም ተመለሱ።